ለመስክ ሥራ ኪስ የሚገባ የሊኑክስ ኮምፒውተር ስሠራ ያየሁት

ላፕቶፔ አልሞተም፤ የሞተው ባትሪው ነው። ልዩነቱን በደንብ የተማርኩት ቡታጅራ፣ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። መብራት ጠፋ፤ ያላስቀመጥኩት የሁለት ሰዓት ሥራም አብሮ ጠፋ። ጠረጴዛው ላይ የገቢ ደረሰኝ ጥራዞች ተቆልለዋል፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሹም እጁን አጣምሮ ይጠብቀኛል፣ እኔ ጥቁር መስታወት ውስጥ የራሴን ፊት አያለሁ። «እትዬ፣ ሻይ ይምጣልዎት?» አለኝ። ሻዩ መጣ፤ መብራቱ ግን እስከ ማግስቱ አልመጣም።

አዲስ ባትሪ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። ለዚያ ሞዴል የተገኘው ሁሉ «ኦሪጅናል» ነው፤ የገዛሁት ኦሪጅናል ሁለት ወር ሳይሞላው አብጦ የላፕቶፑን ሆድ ከፈተው። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ላፕቶፑ የሚፈልገው 19 ቮልት ነው፤ ይህን ደግሞ አውቶቡስ ላይ አላገኘውም፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለችው ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳም አትሰጠኝም። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ግን በ5 ቮልት ከየትም ይሞላል። በስልክ ቻርጀር የሚሠራ ቢሮ ቢኖረኝ ብዬ የተነሣሁት በዚህ ነው። ኪስ የሚገባ መሆኑ ኋላ የመጣ ትርፍ ነው።

ሥራዬ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ መመርመር ነው። ሠንጠረዥ እሞላለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሪፖርት አዘጋጅቼ አሳትሜ አስፈርማለሁ። የኮምፒውተር ትምህርት የለኝም፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተርን የሚያሠራውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስን፣ ያወቅሁት የቢሯችን ኮምፒውተሮች በቫይረስ ተበልተው ሲያልቁ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ስለጫነልኝ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ለባለሙያ ሳይሆን እንደኔ ላለ ሰው ነው።

«ስልክ ካለሽ ሌላ ምን ያስፈልግሻል?» የሚሉኝ አሉ፤ እውነት አላቸው። ደብዳቤ ለሚጽፍና ኢሜይል ለሚመልስ ሰው ስልክና የብሉቱዝ የቁልፍ ሰሌዳ ይበቃዋል። ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ትቶ ገንዘቡን ቢቆጥብ አልቀየመውም። አሥራ ሁለት ገጽ ያለውን፣ የአንዱ ድምር ወደ ሌላው የሚሻገርበትን የሒሳብ ሠንጠረዥ በአውራ ጣት እየገፉ መሥራት ግን ዓይንንም ትዕግሥትንም ይጨርሳል።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ለገና ሲመጣ «ምን ላምጣልሽ?» አለኝ። ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው አልኩት፤ ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 በ15 ዶላር ገበያ ላይ የዋለች፣ ርዝመቷ 65፣ ወርዷ 30 ሚሊሜትር የሆነች፣ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ያለች ሙሉ ኮምፒውተር ናት። ለመንገድ የምይዘው የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አስገባኋት፤ ቦታ ተረፋት። ለስክሪን ገንዘብ ላለማውጣት ስልኬን ስክሪን አደረግሁት፤ ስልኩ ዋይፋይ ይከፍታል፣ ሰሌዳዋ ትገባለች፣ እኔም ቪኤንሲ በሚባል ፕሮግራም የእርሷን ገጽ ስልኬ ላይ አያለሁ። እዚህ ላይ ግማሽ ቀን የፈጀብኝን ልንገራችሁ፤ ይህች ሰሌዳ የምታየው የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው። ስልኬ ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ ይከፍት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም።

ሐሳቡ ያምራል፤ ሥራው ግን አልሄደም። ሰሌዳዋ ያላት ማህደረ ትውስታ 512 ሜጋባይት ነው። ሠንጠረዥና ደብዳቤ የምሠራበት ሊብሬኦፊስ ብቻውን ሲሆን ይከፈታል፤ ሠንጠረዡ ላይ የኢንተርኔት ማሰሻ ሲጨመርበት ግን ቀስቷ ባለችበት ትደርቃለች። ማህደረ ትውስታውን እየጨመቀ ቦታ የሚያተርፈውን ዚራም አበራሁ፤ ለጥቂት ደቂቃ አስታገሠልኝ እንጂ አላዳነኝም። ስልክ ሲደወል ስክሪኔ ይሄዳል፤ የስልኩ ባትሪም በእኩለ ቀን ያልቃል። ደብዳቤ ብቻ ለሚጽፍ፣ በተለይ እንደ አቢወርድና ኑሜሪክ ያሉ ቀላል ፕሮግራሞች ለሚበቁት ሰው ዛሬም አልንቃትም። ለእኔ አልሆነችም።

ሁለተኛው ሙከራ ራስበሪ ፓይ 4 ባለ 2 ጂቢ ነው። 85 በ56 ሚሊሜትር ስለሆነ ከሳሙና ማስቀመጫው ወጣን ማለት ነው፤ የካፖርት ኪስ ግን ይገባል። «5 የሚባለው አዲሱ እያለ ለምን?» ለሚለኝ መልሴ ኤሌክትሪክ ነው። ፓይ 5 በ5 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ ምንጭ ይፈልጋል፤ እንደ አብዛኛው ፓወር ባንክ 3 አምፔር ብቻ ከሰጡት ለዩኤስቢ መሰኪያዎቹ የሚያካፍለውን ወደ 600 ሚሊአምፔር ያወርደዋል። ፓይ 4 በ3 አምፔር ይኖራል። በምሄድበት አገር የማገኘውን የሚበላ ይሻለኛል።

ስክሪኑ ባለ 5 ኢንች፣ 800 በ480 ነጥብ ያለው ነው፤ ሰሌዳው ከጀርባው በአራት ብሎን ይታሰራል፣ በአንዲት ጠፍጣፋ ሪባን ይገናኛሉ። ሪባኗን መጀመሪያ ገልብጬ ስለሰካኋት ስክሪኑ ጨለመ፤ አቃጠልኩት ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ገልብጬ ስሰካት በራ። ስትሰኩ የብረት ጥርሶቿ ወደ የት እንደሚያዩ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሡ።

480 ነጥብ ቁመት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን የገጽ ቅንብር መስኮቱን ስከፍት ነው። «እሺ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ቀርቷል። አይታይም፣ አይነካም። መስኮቱን ከላይ ይዤ ብጎትት አይወጣም፤ እንዳልዘጋው ደግሞ የቀየርኩት ነገር ይጠፋል። መፍትሔው አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መስኮቱን በየትኛውም ቦታ ይዞ ወደ ላይ መግፋት ነው፤ ራሱ ከስክሪኑ ውጪ ይወጣል፣ እግሩ ይታያል። ሊብሬኦፊስ ውስጥም የመሣሪያ ረድፎቹን ወደ አንድ አሳጥሬ፣ የጎን ሰሌዳውን ዘግቼ ነው የምሠራው። እንዲያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የማየው አሥራ አራት ረድፍ ነው። ቅር አይለኝም፤ ደረሰኝም የሚመረመረው አንድ በአንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ኤሌክትሪክ እንምጣ። ኮምፒውተሩን መሥራት የፈጀብኝ ሁለት ቅዳሜ ነው፤ ኤሌክትሪኩን ማስተካከል አምስት ወር።

ፓወር ባንኩ ላይ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ውስጡ ሴል ነው፤ ሴሉ ደግሞ 3.7 ቮልት ነው። ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲደረግ ጥቂቱ በሙቀት ይባክናል፤ እጄ ላይ የሚደርሰው 31 ግድም ነው ብዬ ያዝኩ። የእኔ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ በአማካይ 5 ዋት ይበላል። ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው፤ በተግባር አምስት ሰዓት ተኩል አገኘሁ። ከስድስት ሰዓት በላይ ከፈለጋችሁ ሌላ ፓይ አትግዙ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ።

ከዚያ የመብረቅ ምልክቷ መጣች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ ጥልቅ የምትል ቢጫ መብረቅ ናት፤ ሰሌዳው የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ከ4.63 ቮልት ሲወርድ የምትወጣ ማስጠንቀቂያ። መብረቋ ስትታይ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስ የሰካሁት ፍላሽ ራሱ ይቋረጣል። ፓወር ባንኩን ጠረጠርኩ፤ ቀየርኩት፤ ያው ነው። ሰሌዳውን ጠረጠርኩ። መጨረሻ ሰፈራችን ያለ የሞባይል ጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ መለኪያውን አውጥቶ ሁለት ቦታ ነካካ፤ በፓወር ባንኩ በኩል 5.1፣ በሰሌዳው በኩል 4.6። «እትዬ፣ ኮምፒውተርዎ ደኅና ነው፤ የታመመው ገመዱ ነው» አለኝ። ቀጭንና ረጅም ገመድ ውስጥ ግማሽ ቮልት ቀርታለች። አጭርና ወፈር ያለ ገመድ ሸጠልኝ፤ መብረቋን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ኮምፒውተሩ ያለምክንያት የሚጠፋበት ሰው ካለ መጀመሪያ ገመዱን ይቀይር።

ሦስተኛው ችግር የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። ቢሮ ስቀመጥ ፓወር ባንኩን ግድግዳ ላይ ሰክቼ፣ ኮምፒውተሩን ከፓወር ባንኩ አስነሣለሁ፤ መብራት ቢጠፋ ፓወር ባንኩ ይቀጥላል የሚል ሒሳብ ነው። መብራት ጠፋ፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ተነሣ! ብዙ ፓወር ባንክ ከመሞላት ወደ መስጠት ሲሻገር ለቅጽበት ይቋረጣል። ስልክ የራሱ ባትሪ ስላለው አይሰማውም፤ ፓይ ግን ያንን ቅጽበት አይታገሥም። ከእኅቴ፣ ከጎረቤት፣ ከባልደረባ እየተዋስኩ ሰባት ፓወር ባንክ ሞከርኩ። አሞካከሬ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ እየሠራ የግድግዳውን ሶኬት አሥር ጊዜ መንቀልና መሰካት። ከሰባቱ ሁለቱ ብቻ አለፉ፤ አንዱ ከሁሉም ርካሹ ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ይህን አድርጉ፤ ነጋዴው ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

በዚህ መሃል የላፕቶፑን የሞተ ባትሪ ፈትቼ ከውስጡ ደኅና የሆኑትን ሴሎች ለመጠቀም አስቤ ነበር። 18650 የሚባሉት፣ ከጣት ባትሪ ወፈር የሚሉት ናቸው። የጥገናው ልጅ በካውያ እንዲበይድልኝ ለመንኩት፤ እምቢ አለ፤ እምቢ በማለቱ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የካውያ ሙቀት ሴሉን ከውስጥ ይጎዳዋል። ሁለት ሴሎች ጎን ለጎን ከመታሰራቸው በፊት ቮልታቸው እኩል መሆን አለበት፣ ሲሞሉ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለባቸውም፣ ጠባቂ ሰሌዳም ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሁሉ የምታውቁ ከሆነ ሥሩት። እኔ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ እሳት ይዤ መሄድ አልፈለግሁም። ደግሞም ፓወር ባንክን ፈታሽ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህ ቀላል ጥቅም እንዳልሆነ ቀጥሎ ይታያችኋል።

ለማቀፊያ መጀመሪያ የመረጥኩት የብስኩት ቆርቆሮ ነበር፤ ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ በነጻ ነው። ክዳኑን ስገጥመው ዋይፋዩም የብሉቱዝ ቁልፍ ሰሌዳውም አብረው ጠፉ። ብረት ሞገዱን ያፍነዋል፤ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ስልክ ሲቆራረጥብኝ ነበር። ቀጥሎ አንድ አናጺ ከዋንዛ ቁራጭ ሠራልኝ። እንጨት ሞገድ ያሳልፋል፣ ሙቀት ግን አያሳልፍም፤ የሰሌዳው ሙቀት 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ይንቀራፈፋል። ሁለት ረድፍ ቀዳዳ አስበሳሁት፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የለጠፍኩት የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣም ጫፉ በጀርባ በኩል ወደ ውጪ እንዲወጣ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ከ65 ሲያልፍ አላየሁትም።

ያ የዋንዛ ሳጥን ሥራው ሳያልቅ፣ ሁለት ሽቦ በጎኑ እያሾለከ፣ አንድ ትልቅ ሕንጻ መግቢያ ላይ ተፈተሽኩ። ፈታሿ የልጄ እኩያ ናት። ቦርሳዬን ከፍታ አየችና እጇን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው፣ ልጄ።»

«ያብሩት እስቲ።»

አበራሁት። ሊኑክስ ሲነሣ ምን እንደሚያሳይ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ እንደ ጎርፍ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ። ልጅቷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውም ሰልፉን ቀየረ። አለቃዋ ተጠርቶ መጣ፣ ሠንጠረዡ ተከፍቶ ታየ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገባሁ። ልጅቷን አልወቅሳትም። የዚያኑ ዕለት ማታ ጽሑፉን ደብቄ ሲነሣ የአበባ ሥዕል እንዲያሳይ አደረግሁት፤ ሽቦዎቹንም ወደ ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝ ሁሉ «የት ይሸጣል?» ነው የሚለው። በአውሮፕላን ለምትሄዱ ደግሞ፣ ፓወር ባንክ ወደ ጭነት አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው፤ 37 ዋት ሰዓት ከሚፈቀደው 100 በእጅጉ ያንሳል።

ሦስት ቀን የሠራሁትን ያሳጣኝ ግን ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ፓይ እንደ ሃርድ ዲስክ የሚጠቀምበት፣ የገዛሁት ኤስዲ ካርድ ነው። ላዩ ላይ 128 ጂቢ ይላል፤ ኮምፒውተሩም 128 ያነባል። ውስጡ 8 ነው። 8 ጂቢ እስኪሞላ እንደ ታማኝ ሠራተኛ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ የተጻፈውን ተቀብሎ የትም ያደርሰዋል። ኤፍ 3 የሚባል ትንሽ የሊኑክስ ፕሮግራም አለ፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ ውሸቱንም በቁጥር ይነግራችኋል። ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ሳልፈትሽ ካርድ መጠቀም ካቆምኩ ቆየሁ።

ከዚያ ጥፋት በኋላ ሥርዓቱንና ሥራዬን ለያየኋቸው። ካርዱ ላይ ሊኑክሱ ብቻ አለ፤ እሱም ተቆልፏል። በራስበሪ ፓይ ማስተካከያ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚል ምርጫ አለ፤ ሲበራ ካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም፣ ለውጡ ሁሉ ማህደረ ትውስታ ላይ ይቆይና ሲጠፋ ይረሳል። ገመዱን ብትነቅሉት፣ መብራት ቢጠፋ፣ ካርዱ አይበላሽም። ሥራዬ በሙሉ ያለው ጥፍር በምታክል የዩኤስቢ ፍላሽ ላይ ነው። ሒሳቡ የሰው ገንዘብ ስለሆነ ፍላሹ ሉክስ በሚባለው የሊኑክስ መመስጠሪያ በይለፍ ቃል ተመስጥሯል፤ ፓይ 4 ለተለመደው ኤኢኤስ ምስጠራ የፕሮሰሰር ድጋፍ ስለሌለው አዲያንተም የሚባለውን መረጥኩ፣ በግልጽ ይፈጥናል። መጀመሪያ ካርዱን ራሱን መስጥሬው ነበር፤ ሲነሣ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፣ የብሉቱዝ ቁልፍ ሰሌዳዬ ደግሞ ገና አልነቃም። በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉ ውስጥ እንደቀረበት ሰው ሆንኩ። ፍላሹን ብቻ መመስጠር ይህንንም ፈታው፤ ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ነው የምከፍተው።

የኦቨርሌይ ዋጋ አለው። አዲስ የዋይፋይ ይለፍ ቃል፣ አዲስ የብሉቱዝ ዕቃ፣ ሁሉም በማግስቱ ይረሳል፤ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ቁልፉን አንሥታችሁ፣ ለውጣችሁ፣ መልሳችሁ መቆለፍ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ። ፓይ 4 ላይ የራሱ ሰዓት የለም፤ ኢንተርኔት ካላገኘ የሚያውቀው መጨረሻ ያስቀመጠውን ሰዓት ነው፣ ካርዱ ሲቆለፍ ደግሞ ያ ሰዓት አብሮ ይቆለፋል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ኅዳር ላይ የጻፍኩት ሪፖርት የፋይሉ ቀን መስከረም ሆኖ ተገኘ። ሌላ ሰው ምን ችግር አለው ይላል። እኔ ግን ሰው የምጠይቀው «ይህ ሰነድ ከደረሰኙ በፊት እንዴት ተዘጋጀ?» ብዬ ነው! ዲኤስ 3231 የምትባል፣ የአዝራር ባትሪ ያላት ትንሽ የሰዓት ሰሌዳ ፒኖቹ ላይ ሰካሁ፣ በማስተካከያው ፋይል አንድ መስመር ጨመርኩ፣ አለቀ። ርካሽ ናት፣ ሳታስቡ ግዟት።

ስለ አማርኛ አጻጻፍ። ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በኩል ሴራ የሚባለውን የአጻጻፍ ሥርዓት ነው የምጠቀመው፤ ተን በትንሹ ቲ፣ ጠን በትልቁ ቲ ትጽፋላችሁ፣ ቸና ጨም እንዲሁ። ሺፍት ቁልፍ እንደ አማርኛ የሚደክምበት ቋንቋ አላየሁም ማለት ነው። የገዛሁት ተጣጣፊ የቁልፍ ሰሌዳ የቀኝ ሺፍቱን አሳንሶ አጠገቡ የቀስት ቁልፍ ስለሰነቀረ፣ «ጠቅላላ ጉባኤ» ልጽፍ ስል ከአንድ መስመር በላይ ዘልዬ የሌላ ዓረፍተ ነገር መሃል «ተ» እተክል ነበር። ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ሰሌዳ ስትመርጡ ስለ ባትሪው አትጠይቁ፤ ትንሿን ጣታችሁን ሺፍቱ ላይ አሳርፉና «ጠጪ» ብላችሁ ጻፉ።

ፊደሎቹን በተመለከተ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክንና አቢሲኒካን ጭኛለሁ። ከዊንዶውስ የሚመጣው ሰነድ አብዛኛው እኔ ጋ በሌለው፣ ኒያላ በሚባለው ፊደል የተጻፈ ስለሆነ መስመሩ ይንሸራተትና የፊርማው ቦታ ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወድቃል። ከማኅበራቱ የሚመጣ የቆየ ሰነድ ደግሞ የላቲን ፊደል ቆሎ ሆኖ ይከፈታል፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ ከገባ በኋላም እንኳ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በተሠሩት በቀድሞዎቹ የኮምፒውተር ፊደላት መጻፍ ብዙ ዓመት ስለቀጠለ ነው። ኮምፒውተራችሁ አልተበላሸም፤ ያንን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ወይም እንደገና መጻፍ ነው።

ማተሚያ ላይ ብዙ አልደከምኩም። አንዳንዱ ማተሚያ ለፓይ ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራ ድራይቨር፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም የለውም፣ እዚያ ጋ መታገል ጊዜ ማባከን ነው። ሰነዱን ፒዲኤፍ አድርጌ፣ ሌላ ባዶ ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ የጽሕፈትና ኮፒ ሱቅ እሄዳለሁ። ፒዲኤፉ ፊደሉን ይዞ ስለሚሄድ እዚያ ምንም ቢኖር አይዛባም። ፍላሹ ከዚያ ሲመለስ ፋይሎቼ በሙሉ አቋራጭ ሆነው ይመጣሉ፤ የምታውቁት ቫይረስ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ዋናው ፋይል እዚያው ተሸሽጎ ይታያል፣ ቫይረሱም የሚነሣበት መንገድ ስለሌለው እንደ ማንኛውም ቆሻሻ ይጠረጋል። ሱቆቹ ውስጥ የሰው ፋይል እያወጣሁ በነጻ ሻይ የጠጣሁበት ጊዜ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሒሳብ ሰዎች። በእኛ አቆጣጠር ቀን ስትጽፉ ሠንጠረዡ ፈረንጅኛ ነው የሚያስበው። ጥቅምት 29ን 29/2/2016 ብዬ ስጽፍ እንደ ቀን ተቀብሎ ወደ ቀኝ አስጠጋው፤ 30/2/2016 ስል ወደ ግራ ሄደ። የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ ነው ብሎ ተወው። ጳጉሜንማ አስራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። በቀን ስደረድር እነዚህ ረድፎች መጨረሻ ላይ ተከማቹ፤ ያየኋቸውም በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ አንዷ ሕዋስ ብቻዋን ወደ ግራ ስላዘመመች ነው። የባሰው የወለድ ቀን ቆጠራ ነው። ከጥር 30 እስከ የካቲት 1 አንድ ቀን ነው፤ ሠንጠረዡ ግን 30/5ን የእነርሱ አምስተኛ ወር አድርጎ ስለሚያነብ፣ ያ ወር ደግሞ 31 ቀን ስላለው፣ ሁለት ይላል። አሁን ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለየብቻ እጽፋለሁ፤ በአራተኛው ዓምድ ዓመቱን በ365 አባዝቼ፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ያለ ትርፍ የሚደርሰውን ጨምሬ፣ ወሩን በ30 አባዝቼ፣ ቀኑን እደምራለሁ። የሁለት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ልዩነት ትክክለኛው የቀን ብዛት ነው፤ ስድስት ቀን ያላትን ጳጉሜንንም አያስታት።

ማታ ሆቴል ስገባ ትንሿን ስክሪን አሳርፋታለሁ። ፓይ 4 ማይክሮ ኤችዲኤምአይ መውጫ አለው፤ ዜሮዋ ግን ሚኒ ነው፣ ሁለቱን አታምታቱ፣ እኔ አምታትቼ ሁለት ገመድ ገዝቻለሁ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል የሦስት ሜትር ገመድ ይሻላል። ባለፈው ሆሳዕና ከተማ ሳለሁ እንዲሁ ሰክቼ፣ አልጋው ላይ ተደግፌ የአንድ ማኅበር የሒሳብ ሚዛን ሳስተካክል አስተናጋጁ ሻይ ይዞ ገባ። ሻዩን አስቀመጠ፣ ቀና ብሎ ቁጥሮቹን ለረጅም ጊዜ አየ።

«እትዬ፣ ይህ ቻናል በእኛ ዲሽ ይገባል እንዴ?» አለኝ።